የፊት ጥርሷ
መካነ ሰላም የጥርስ ሐኪም ነኝ። እንደ ግግ ማውጣት ደሜን የሚያፈላው ነገር የለም። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ድዱን ሰንጥቀው ያልበቀለ ጥርሱን ፈልቅቀው ያወጣሉ። ከሥር ያለው ዋናው ጥርስ ይጎዳና ቡናማና የተቦረቦረ ሆኖ ይበቅላል። እናቴን እንኳ የዛሬ ዐሥር ዓመት፣ የተመረቅሁ ዕለት፣ ዳግመኛ የማንንም ልጅ ግግ እንዳታወጣ አስምያታለሁ።

በቀደም እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴት የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ከከላላ ይዘው መጡ። እናቷ ዓረብ አገር ናት። ልጅቷ አፏን በሻሿ ሸፍናለች።

"ልጆቹ ሲስቁባት ጊዜ መሳቅ ተወች" አሉኝ።

ሻሿን ገለጥ አደረግሁት። ሁለቱም የፊት ጥርሶቿ ቡናማ ናቸው፤ ተቦርቡረዋል።

"ግግ አስወጥተዋታል! አያት ነዎት ወይስ ጠላት?" ጮህኩባቸው። "የማን እጅ ነው ይሄ?"

አንገታቸውን ደፉ። "ተወኝ ልጄ፣ አላህ ይይልህ።"

"ካልነገሩኝ አላክማትም! ያወጣውን ሰው አሳስረዋለሁ!"

ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ።

"ወላሂ፣ የምታውቅ መስሎኝ! እናትህ ናቸው እኮ። 'ልጄ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቢበላሽም እሱ ያበጀዋል' ብለው አይደል እንዴ ያወጡላት!"