ፎልደር ያቀፈችው ሴትዮ
ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ፈላና በር፣ ደጃፌ ላይ ልብስ ሳሰጣ... አንዲት ሴትዮ ባጅ አንጠልጥላ፣ ፎልደር አቅፋ ጎረቤት በር ላይ ቆማ አየኋት። «ስንት ልጅ አላችሁ? ዕድሜያቸውስ?» ትላለች።

የያዝኩትን ልብስ ጣልኩት።

አቦ፣ አትፍረዱብኝ! የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ስትታመም፣ እንዲህ ያለች ሴትዮ ናት ገጠር ድሬ ጠያራ ድረስ መጥታ «እስክትድን ነው» ብላ የወሰደችኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሕፃናት ማሳደጊያ ቀረሁ። ስሜን ሳይቀር ቀየሩት። ከስንት ዓመት በኋላ አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በአፍ መፍቻዬ በኦሮምኛ ብታናግረኝ አንድም ቃል አልገባኝም... ተያይተን አልቅሰን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ፎልደር የያዘ ሰው አላምንም።

ሮጬ ገብቼ የአራት ዓመት ልጄን አልጋ ሥር ከተትኳት። «ሴትየዋ እስክትሄድ እኔ እናትሽ አይደለሁም፣ እሺ?»

«እሺ።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«እህቴ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?»

«የለም።»

ዓይኗ ደፉ ላይ ወደተቀመጠችው ሮዝ የልጅ ጫማ ሄደ። «ይቺስ?»

«የእህቴ ልጅ ጫማ ናት... ረስታት ሄዳ ነው።» እህት የለኝም እኮ፣ ወላሂ!

ይሄኔ አልጋ ሥር ማስነጠስ ተሰማ። ልጄ አቧራዋን እያራገፈች ራሷ ወጣች።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ «የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ የት አለች?» አለቻት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ... «እናት የለኝም።»

የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝ። «ልጅቷን ከየት ነው ያመጣሻት? ይሄማ ቀበሌ መነገር አለበት» ብላ ስልኳን አወጣች።

እጇን ያዝኳት። «የኔ ናት! እኔ ነኝ የወለድኳት!»

«ቅድም የእህቴ ልጅ አላልሽም?»

የልደት ሰርተፍኬቷን ከሳጥን አውጥቼ፣ ጎረቤት ተጠርቶ መስክሮልኝ በስንት መከራ አመነችኝ። ለካ የፖሊዮ ክትባት ከቤት ቤት የምትሰጥ ናት! ሁለት ጠብታ አፏ ውስጥ አድርጋላት፣ ጣቷን ቀለም ቀብታት ወጣች።

ልጄ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና «ሄደች? አሁን እናቴ ነሽ?» አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ... ልጄን ልታሳጣኝ የነበረችው የገዛ ምላሴ ናት።