ከቀኝ የሚገለጠው ብሮሸር

ካርቱም ለምን እንደገባሁ የራሴ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። የምጽፈው ከከተማዋ ሪያድ ሰፈር እንዴት እንደወጣሁ ነው። እዚያ በአንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ውስጥ ብሮሸሩንም፣ ካታሎጉንም፣ በግንባታ አጥር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያም የምሠራው እኔ ነበርኩ። ባለቤቱን ሁሉም «ባሽሙሃንዲስ» ይለዋል፤ ሱዳኖች መሐንዲስን የሚያከብሩበት አጠራር ነው። እሱ ግን እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሽበት ካወጣሁ በኋላም «ያ ሐበሺያ!» ነበርኩ። ስለዚህ እኔም እዚህ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ።

አሮጌው መንግሥት ሲወድቅ ቢሮውም ቀለሙን ቀየረ። የሚኒስትሮች ፎቶ የሞላበትን ብሮሸር አስጥሎ፣ «አዲስ ሥሪልኝ፤ ወጣቶች ያሉበት፣ ባንዲራ ያለበት» አለኝ። እነዚያው ወጣቶች በደጃችን በሰልፍ ሲያልፉ በሩን በሰንሰለት ያስቆልፍ የነበረ ሰው ነው።

ያኔ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። ዋሴ እሱ ነው። እሱ ካልፈረመ ወይ ከአገር መውጣት ነው፣ ወይ ፖሊስ ሲያፍስ መያዝ። አገሬ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ ከዚህ በላይ አልልም። ብለምነው፣ «ብሮሸሩ ይውጣና፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። የእሱን ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

መብራት ሲመጣ እሠራለሁ፤ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የሠራሁትን ይዞብኝ ይጠፋል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ የለም። መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ ሪክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ አይገባም፤ ፍላሹን ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣ አስለቃሹ ጭስ ዓይኔን እየፈጀኝ፣ ማተሚያ ቤት በእግሬ እመላለሳለሁ።

የብሮሸሩ መሐል ላይ ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ገጾች ነበሩ። በቀኝ የዛገው የቆርቆሮ ገበያ፣ በግራ ቢሮው ሊሠራው ያሰበው አዲሱ ገበያ። ዐረብኛ ከቀኝ ነው የሚነበበው፤ የአንባቢው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀኝ ላይ ነው።

የባሽሙሃንዲስ ልጅ በዚያ ሰሞን ከውጭ ተመልሳ አለቃዬ ሆና ነበር። እንደ አክስት «ኻልቶ» ነበር የምትለኝ። ናሙናውን ገልጣ ጣቷን ቀሰረች።

«ኻልቶ፣ ይሄ ተገልብጧል። አሮጌው በግራ፣ አዲሱ በቀኝ ነው የሚሆነው።»

«ልጄ፣ ለእንግሊዝኛው ልክ ነሽ። ይሄ ግን የዐረብኛው ነው።»

«ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ያላ፣ ቀይሪው!»

ወደ አባቷ ዞርኩ። ስልኩን ይነካካል። «ያለችሽን አድርጊ» አለኝ። አደረግሁ። ፊርማውን እፈልገው ነበር።

ብሮሸሩ ለአዲሱ መንግሥት ሹም ሲቀርብ እኔ ከኋላ የልጅቷን ላፕቶፕ ይዤ ቆሜያለሁ። ሹሙ መሐሉን ገለጠው፤ ጣቱን ከአዲሱ ገበያ ወደ ዛገው ቆርቆሮ ነድቶ ቀና አለ።

«ባሽሙሃንዲስ፣ ይህን የመሰለ ገበያ አፍርሳችሁ ቆርቆሮ ልትተክሉልን ነው? ይሄንንማ የሄዱትም ሠርተውልን ነበር!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባሽሙሃንዲስም አብሮ ሳቀ።

«ምን ላድርግ፣ ሐበሺያዋ ናት። የእነሱ ጽሑፍ ከግራ ነው የሚጀምረው፤ ጭንቅላታቸውም እንደዚያው ነው።»

ሳቁ ባሰ። ልጅቷ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ላፕቶፑን ከደንኩ። አሁንም ፊርማውን እያሰብኩ ነበር።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ቢሮው ገባሁ።

«ባሽሙሃንዲስ፣ ኢቃማዬ...»

«እንዲያ አዋርደሽኝ?»

«ያስቀየረችኝ ልጅህ ናት። አንተም ሰምተሃል።»

«ልጄ ውጭ አገር የተማረች ናት» አለኝ። ሳይፈርምልኝ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

ዛሬ ማንሺያ በሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ቤት አጸዳለሁ፤ አድራለሁም። ያለ ኢቃማ ከግቢ መውጣት ስለምፈራ ገበያ እንኳ የሚሄደው ዘበኛው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዶች ወጥተው ጠረጴዛውን ሳነሳ ብሮሸሩን ከብርጭቆዎቹ መሐል አገኘሁት። ከቀኝ ገለጥኩት። የዛገው ቆርቆሮ በቀኝ፣ አዲሱ ገበያ በግራ። እኔ መጀመሪያ እንዳስቀመጥኩት መልሰው አትመውታል። ከየፎቶው አንድ በአንድ ቆርጬ አዲሱ ገበያ ውስጥ ያቆምኳቸው ሸማቾችም፣ ጥላቸውን እንደጣልኩላቸው ቆመዋል።

«ምኑን ነው እንዲህ የምታዪው?» አለችኝ እመቤቲቱ ከሶፋው ላይ።

«ሥዕሉን» አልኳት።

ዘጋሁትና ጠረጴዛውን መወልወል ቀጠልኩ።