በየኔታ ቤት ቫልቩ ዝም ያለ ዕለት

ወረታ ውስጥ የውሃ ሞተር ታመመ ከተባለ ሐኪሟ ሰገን ናት። ባሏ ርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣበትን አሮጌ ሞተር ስትፈታ ስትገጥም ሙያውን ለመደችው፤ ዛሬ በአርባ ሦስት ዓመቷ ከሐሙሲት ድረስ ገበሬው ሞተሩን በጋሪ ጭኖ ይመጣላታል። ቤት ውስጥ ቧንቧ ዘርግታ ግን አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ፣ ዜማ የሚያስተምሩት የየኔታ ተክለ ማርያም ቤት ሆነ!

የየኔታን ባለቤት እሜቴ ገላነሽን ቁርጥማት ጉልበታቸውን ይዟቸዋል። ልጆቻቸው በፀሐይ ውሃ የሚያሞቅ በርሜል ጣሪያው ላይ ሰቀሉላቸው። ሰገን ደግሞ ሙቁን ውሃ እስከ መታጠቢያቸው የሚያዞር ትንሽ ሞተር ተከለች። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ ስትመርጥ ግን እንደ ፎገራ ሩዝ ገበሬ አሰበች፤ ትልቅ ይሻላል! ለሩዝ ማሳ የሚሆነውን ወፍራሙን አምጥታ ሞተሩ አፍ ላይ ለጥፋ ገጠመችው።

ሞተሩ ሲነሣ፣ ቀጭ-ቀጭ፣ ቀጭ! በጓሮ የሚያጠኑት ደቀ መዛሙርት የየኔታን የመቋሚያ ምት ትተው የቧንቧውን ተከተሉ፤ ዜማው ድብልቅልቁ ወጣ።

«አንቺ ሰገን፣ ሌላ መሪጌታ አምጥተሽ ተከልሽብኝ?» አሉ የኔታ። «እስከ ነገ ዝም ካላለ ይነቀላል!»

«የኔ ጉልበትስ?» አሉ እሜቴ ገላነሽ ከውስጥ።

«ጉልበትሽን ብዬ ትምህርቱን ልበትን?»

ሰገን ነገሩ አሳሰባት። ከተነቀለ «ሰገን ከማሳ አታልፍም» ይባላል፤ ማንም ሁለተኛ ቤቱን አያስነካትም። በማግስቱ በጧት መጥታ የካቻቢቴዋን ጫፍ ቫልቩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። የውስጡ ክዳን ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል!

ርብ ላይ ውሃው እየደነፋ ስለሚመጣ ክዳኑ ወለል ብሎ ይቆማል። የዚህች ትንሽ ሞተር ውሃ ግን ከባዱን ክዳን ግማሽ ድረስ ያነሣና ያቅተዋል። ሞተሩ አፍ ላይ ስለተለጠፈ ደግሞ የሚደርሰው ውሃ ገና እየተናወጠ ነው።

«የበሬ ቀንበር ለፍየል ጭኜ!» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ወደ አማከለች የቧንቧ ዕቃ ሱቅ በረረች።

«ትንሿን ቫልቭ ስጪኝ፣ ሞላ ያላትን።»

«ትንሽ? አንቺ? አሞሻል እንዴ!» አለች አማከለች።

ሰገን ሒሳቡን ከፍላ ወደ የኔታ ቤት ተመልሳ፣ ትንሿን ቫልቭ ከሞተሩ አንድ ክንድ ያህል አርቃ፣ ቀጥ ባለው ቧንቧ ላይ ገጠመቻት። ውሃው እዚያ እስኪደርስ ረገብ ይላል፤ ሞላዋም ክዳኑን በልኩ ትይዘዋለች። ሞተሩን አስነሣች።

«አስነሺው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ የኔታ ብቅ ብለው።

«ተነሥቷል እኮ፣ የኔታ።»

«አትቀልጂ!» ቧንቧውን ጨበጡ። ሙቀቱ መዳፋቸውን ሲያገኘው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ እየሳቁ ወደ ተማሪዎቻቸው ወጡ። ወዲያው ዜማው ከጓሮ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ሰገን ደስታው አላስቀምጥ አላት። ሞተሩን አጠፋች፣ አስነሣች፣ ዝም! ደግማ አጠፋች፣ አስነሣች፣ አሁንም ዝም! ለሦስተኛ ጊዜ ስታጠፋው እሜቴ ገላነሽ ከመታጠቢያው ጮኹ፦

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ውሃውን ልቀቂልኝ! እግሬን ሳሙና መትቼ ተቀምጫለሁ!»