ኢብራሂም የጻፈው ሰባት

"አዲስ ነው እያልኩህ!"

"አዲስ ከሆነ ቁጥሩ ለምን ተላላጠ?"

ጓደኛዬ ነቢል ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ግቢያችን ካስገባ ጀምሮ እንጨቃጨቃለን። ክብ መብራት፣ ዝቅ ያለ መሪ፤ የነዳጅ ሰልባትዮው ላይ በነጭ ክብ ውስጥ ሰባት ቁጥር፣ ዳር ዳሩ የተፋቀ።

"ወላሂ ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው። ድሮ ለውድድር የሠሩትን እንዲመስል ራሳቸው ፋቁት። አንተ ከግጥም ሌላ የምታውቀው የለም እንዴ?"

የተፋቀው ሰባት ሌላ ሰባት አስታወሰኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል የጀጎል ግቢዎች ቀለም ይቀባሉ፤ ያን ሰሞን መንገዱ ሁሉ ኖራ ኖራ ይሸታል። ግድግዳችንን ቀብቼ ስጨርስ አረንጓዴ ቀለም ተረፈኝ። ጥግ ላይ ግቢ የምንጋራቸው የሽማግሌው የአው ዩሱፍ አሮጌ ሞተር ቆሟል፤ በወጣትነታቸው የደንገጎን ዳገት ከጓደኞቻቸው ጋር የተሽቀዳደሙበት። ዝገቱ አሳዘነኝ። ደስ ይበላቸው ብዬ ሙሉውን ቀባሁት።

አው ዩሱፍ ከጊደር መጋላ ገበያ ቴምር ይዘው ገቡ። ቆሙ።

"ሰባቱስ?"

"አርጅቶ ነበር አው፣ አሳመርኩልዎት..."

"የወንድሜ የኢብራሂም እጅ እኮ ነው። በሽቅድምድሙ ጧት የጻፈልኝ።" አልጮኹም። "ከሞተ ወዲህ ከዚያ ሰባት ሌላ ምን ቀረኝ?"

በነጭ ጋዝ ብፈትገው አረንጓዴውም ሰባቱም አብረው ለቀቁ፤ ባዶ ብረት ወጣ። ከእጃቸው የወደቀውን ቴምር ጉንዳን ወረሰው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ዛሬ አው ዩሱፍ ጭቅጭቃችንን ሰምተው ከክፍላቸው ወጡ። ጎንበስ ብለው የተላጠውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ማን ወድቆበት ነው?"

"ማንም፣ አው። ሲሠራም እንዲህ ነው" አለ ነቢል።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በራ።

"እንዲህ አስመስሎ መሥራት ከተቻለማ የእኔንም ሰባት ይሠሩታላ! አንተ ዓይንህ ምንም አያመልጠውም። የኢብራሂም ሰባት እንዴት ነበር? እኔማ እየተምታታብኝ ነው።"

ከሰል አንስቼ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ።

"አይደለም።"

ቁጥሩን አዘንብዬ፣ ጭራውን አጥፌ ጻፍኩ።

"እሱም አይደለም።"

ሦስተኛውን ልጀምር ስል ከሰሉን አስቀመጥኩት። የሰው ጫማ ስፌት ሳይቀር አስተውላለሁ ብዬ የምኩራራው እኔ፣ ያን ቁጥር ብሩሼን ሳሳርፍበት እንኳ አላየሁትም ነበር።

"በቃ፣ ልጄ" አሉ። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ፤ ከባዱ የግቢ በር ከኋላቸው ተዘጋ።