ሉባባና የማስተዋል ጥርስ

ሉባባ በኖፓ ከተማ ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በስፌት መኪናዋ ነው። የደንበኛን ልክ በወረቀት አትይዝም፤ አንዴ ከለካች ደረቱም ወገቡም ጭንቅላቷ ውስጥ ይቀመጣል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቀኝ መንጋጋዋ አበጠ። የጤና ጣቢያው ነርስ አፏን በባትሪ አይቶ፣ «እዚህ አንችለውም፤ መቱ ሆስፒታል ሄደሽ አስነቅዪው» አለና ወረቀት ጻፈላት። ከኋላዋ ሰው ስለበዛ ምንም ሳትጠይቀው ወጣች።

ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ዘረጋችው። አስረኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና የእንግሊዝኛ ፊደል አይቸግራትም። «ቱዝ» የሚለውን አወቀችው፤ ጥርስ ነው። ከፊቱ ያለው ግን ጠፋባት። ዊዝደም ይላል። የተማሪነቷን መዝገበ ቃላት ከሣጥን አውጥታ ፈለገች፦ ጥበብ፣ ብልኀት፣ ማስተዋል።

መዝገበ ቃላቱን ዘጋችው። የዓይን ጥርሱን የተነቀለ ሰው ዓይኑ ይጠፋል ሲባል ልጅ ሆና ሰምታለች። ታዲያ የማስተዋል ጥርስ ሲነቀል ምን ሊጠፋ ነው?

ታላቅ እህቷን ጀናትን አማከረቻት። ጀናት ፊቷ ተለወጠ። «ያዮ ከተማ ያለች አንዲት ሴትዮ ከተነቀለች ወዲህ የገዛ ቤቷ ይጠፋባታል አሉ። ተይው ይቅርብሽ፤ ቅርንፉድ ያዢበት።»

አስራ አንድ ቀን ቅርንፉድ ነከሰች። እብጠቱ ወደ አንገቷ ወረደ፤ ትኩሳት ያዛት። በአስራ ሁለተኛው ቀን ለደንበኛዋ ለእድላዊት የሰፋችውን ቀሚስ አስለካቻት። የቀኙን እጅጌ በግራ ገጥማዋለች። እድላዊት እጇን ማንሳት ቢያቅታት ሳቀች። ሉባባ አልሳቀችም። በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተሳስታ አታውቅም። ማስተዋሌ ጥርሱ ሳይነቀል ነው እንዴ የሚሄደው? ቢነቀልስ ምን ሊተርፈኝ ነው? ልጆቼን ማን ያበላልኛል?

በማግስቱ በጡረታ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ፣ ጋሼ ኪቲላ፣ ዘንድ ሄደች። አፏ በደንብ አይከፈትም።

«ጋሼ፣ ዊዝደም ማለት ምንድን ነው?»

«ብዙ ማወቅ አይደለም» አሉ ጋሼ ኪቲላ። «ያወቁትን የት እንደሚያውሉት መለየት ነው። ብዙ ተምሮ ዊዝደም የሌለው ሞልቷል። ምነው ጠየቅሽኝ?»

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አንብበው ቀና አሉ። «ይሄማ ስሙ ብቻ ነው። ሰው ልብ ሲገዛ፣ በሃያ ዓመቱ ገደማ የሚበቅል ጥርስ ስለሆነ ነው እንዲያ ያሉት። ማስተዋልሽ እዚያ ውስጥ የለም።»

«ሰው ሁሉ ግን ሌላ ነው የሚለው።»

«ለእሱም እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ። ሰው ሁሉ የሚቀባበለውን ወሬ ‹ኮንቬንሽናል ዊዝደም› ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያ የሚሉት ስህተት ነው ለማለት ሲፈልጉ ነው። ሂን ሶዳቲን ልጄ፣ አትፍሪ። እኔ የምፈራልሽ መግሉን ነው።»

ግማሽ ልቧ አመነ። ጠዋት ከጀናት ጋር መቱ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጀናት መንገዱን ሙሉ የሉባባን እጅ ይዛ ነበር።

ሐኪሟ ሲሃም ወጣት ናት። መርፌውን ስታነሳ ሉባባ ክንዷን ያዘቻት። «ዶክተር፣ ከነቀሉት በኋላ ሰው እለያለሁ?»

ሲሃም መርፌውን መልሳ አስቀመጠችው። «ትለያለሽ። አንድ ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ ግን መተንፈስ ያቅትሽ ነበር።»

አርባ ደቂቃ ፈጀ። አጥንቷ ሲንቋቋ እየሰማች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። አምስት ቀን አጥሚት ስትጠጣ ሰነበተች፤ ሁልጊዜ ጠዋት ግን የጠፋባት ነገር ካለ ራሷን ትፈትሽ ነበር። ምንም አልጎደለም። ትኩሳቱ ሲለቃት የእድላዊትን ቀሚስ ፈትታ በትክክል ገጠመችው።

ለክትትል ከጀናት ጋር ስትመለስ ሲሃም አፏን በጥንቃቄ አየች። «ቀኙ ድኗል። የግራውም ግን ተጣሞ ነው የበቀለው፤ መነቀል አለበት።»

ሉባባ ደነገጠች። ጀናት ገና አፏን ሳትከፍት ግን ቀድማት፣ «መቼ ልምጣ?» አለች።