የጅቡ ሁለት ዓይኖች

ታላቅ ወንድሜ፣ የሆሳዕና ከተማው ሠዓሊ፣ አረፉ። ለልጆች የብራና መጽሐፍ አብረን እንሠራ ነበር። ተረቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ያለ መምህር ፊደል ለይቻለሁ፤ እስከ ሾኔ ከተማ ድረስ የሚወዳደረኝ ጸሐፊ የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ የሚሳለው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ነው፤ ጻድቅ ግን በሁለት። እሳቸው ግን ለልጆች ሲሆን ጅቡን እንኳ በሁለት ዓይን ይስሉት ነበር።

«ጋሼ፣ ጅብን ጻድቅ አደረጉት?» ብዬ ስቀልድባቸው፣

«አንተ ጉረኛ! ልጆቹ ገና ተረቱን ሳያነቡ እኔን ማን ዳኛ አደረገኝ?» ይሉኝ ነበር።

የመጨረሻውን የጅብ ተረት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ያማረ ነው። የሥዕሉ ቦታ ግን ባዶ ነው። ልሥለው ሞክሬ ሞክሬ ደከመኝ። ትናንት የልጅ ልጃቸው ገጹን ገልጣ፣

«አባባ፣ ጅቡ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ከአያትሽ ጋር ሄደ» አልኳት።