ከመርዶው በፊት የቆረስነው እንጀራ

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ የለቡ ጭቃ ወደ አቧራ ሲለወጥ፣ የማኅበራችን ጽዋ የሚጠጣው እኔ ቤት ነበር። በየወሩ በማርያም ቀን አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፤ ጠላ ይቀዳል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጣል። ተራዬ ሲደርስ እንደ ሠርግ ነው የምዘጋጀው። ቤቴ ትንሽ ናት፤ የዚያን ቀን ግን ለሁሉም ትበቃለች።

ከማኅበርተኞቹ ሁሉ የምትቀርበኝ አንዲት ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ «እታለም» ነው የምላት። ለቡ ገና ሜዳ ሳለ፣ በርና መስኮት ያልገባለት ቤት ውስጥ ከነልጆቼ ስገባ መጀመሪያ የደረሰችልኝ እሷ ናት። ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝም እሷ ናት። በኋላ ፉሪ ቤት ሠርታ ሄደች፤ ማኅበሩና ቤተ ክርስቲያኑ ግን አላለያዩንም።

የዚያን ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። በማኅበሩ በዕድሜ ትልቋ እማማ ጠላዬን ቀመሱና፣ «ይኼ ጠላ ነው ወይስ ጌሾ የታጠበበት ውሃ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እታለም ከእሳቸው ጋር ሆና ታበሽቀኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አለች። ጓዳ ስገባ ተከትላኝ ገባች። ምነው ስላት፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ አለችኝ። እንግዳ ሳይነሣ የቤት እመቤት ትበላለች እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። እጄን ይዛ በርጩማው ላይ አስቀመጠችኝና አጎረሰችኝ። ፊቷን ልብ ብዬ አላየሁትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ስከፍት፣ ትናንት ጠላዬን የጠጡት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከፊት ያለችው እታለም ናት። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

እናቴ የምትኖረው ሰላሌ ነበር። ያረፈችው በማኅበሩ ዋዜማ ሌሊት ነው። እንደ ወጉ ለእኔ አልተደወለም፤ የተደወለው ለእታለም ነው። እሷም መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው ብላ፣ ጽዋው እስኪጠጣና እንግዳው እስኪሸኝ ድረስ ነገሩን ለማንም ሳታወራ ብቻዋን ያዘችው። ቀብሩ ይጠብቀናል ብላ ነበር። አገር ቤት ግን አልጠበቁም። እኔ ጠላ ስቀዳ እናቴ ላይ አፈር ይመለስ ነበር። ስንደርስ ያገኘሁት እርጥብ አፈርና ድንጋይ ነው።

የእናቴ አርባ ሳይወጣ እታለምን ማናገር ተውኩ። አልተሳደብኩም፤ ለሰውም አላማሁባትም። ዝም ብቻ አልኩ። ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ ፊቴን አዞርኩ። ማኅበሩንም ለቀቅሁ። ሽማግሌ ላከችብኝ፤ ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ባለቤቴ አንድ ቀን፣ በክፋት እንዳላደረገችው ታውቂያለሽ አይደል አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እውነትም አውቅ ነበር። ማወቄ ምንም አልፈየደኝም። ሌሊት ስነቃ የሚታየኝ ያ ጉርሻ ነበር፤ እናቴ ሳትቀበር እኔ አፌን ከፍቼ እንደ ጎረስኩ።

ልጄ ወደ ክርስትና እናቷ መሄዷን አልተወችም፤ እኔም አልከለከልኳትም። በዓል በመጣ ቁጥር እታለም በእሷ እጅ ድፎ ዳቦ ትልካለች። ልጆቹ ይበላሉ፤ እኔ አልነካውም። ልጄ የእኔን ድርሻ በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ እስኪደርቅ እዚያው ይቆያል።

ቤተ ክርስቲያን ግን መሸሽ አይቻልም። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራው ዞሮ እጅ ይነሳሳል። እታለም በግራዬ ቆማ ከሆነ ወደ ቀኝ ብቻ እዞራለሁ። እማማ ይህን አይተው አንድ እሑድ በር ላይ ያዙኝ። «አንቺ፣» አሉኝ፣ «መንግሥተ ሰማያትም ስትገቡ ለየብቻ በር ይከፈትላችሁ ይሆን?» ሰዎች ሳቁ። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

የነፍስ አባቴ ግን አልቀለዱም። ቂም ይዤ ሥጋ ወደሙ መቀበል እንደማልችል በቀስታ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ሂጂና ታረቂ፤ ከዚያ ነዪ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። አልሄድኩም። ልጆቼን እያስቆረብኩ እኔ ከኋላ መቆም ጀመርኩ። ልጄ ቆርባ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ ከሰው መካከል ትፈልገኛለች። ዐይኗ ሲያገኘኝ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ቡታጅራ የሚኖረው የእታለም ወንድም ጎረቤት ነው። ድሮ ከእታለም ጋር ለወንድሟ ልጅ ክርስትና ሄጄ ቁጥሬን ይዞት ኖሯል። መኳረፋችንን አያውቅም። ለእሷ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ ብዬ ነው አለኝ። ወንድሟ ሌሊት አሞት ጠዋት አርፏል። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። እታለም ሌላ ወንድም የላትም፤ እናታቸው ገና በልጅነታቸው ሞታ ያሳደገችው እሷ ናት።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ይቅርባት፣ እሷም ትቅመሰው የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል። መጣብኝ። ብዙ ግን አልቆየም።

እማማ ጋ ደወልኩ። ደንግጠው ጥቂት አለቀሱና፣ ነገ ማለዳ ሰብሰብ ብለን ሄደን እናረዳታለን አሉ። ደም ግፊት እንዳለባት፣ ብቻዬን ሄጄ ብነግራት ወድቃ እንደምትቀርብኝ አስጠነቀቁኝ።

«ቀብሩስ?» አልኳቸው።

«ይጠብቁናላ።»

አይጠብቁም አልኳቸው። የማንን ቀብር እንደማስብ ገብቷቸዋል። ከዚያ፣ እንግዲያው ፈጣሪ ይርዳሽ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ባለቤቴ ሚኒባስ ታክሲ ይሠራል። ደውዬ፣ የዛሬውን ሥራ ተውና ነዳጅ ሞልተህ እታለም ቤት ድረስ አልኩት። እታለም ቤት ስለው ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት ላይ የፉሪ ታክሲ ሰልፍ ረዝሞ ቆሜ ሳለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል አንድም ቃል አላገኘሁም። ነጠላዬን ላዘቅዝቀው አሰብኩና ተውኩት፤ በሩ ላይ ስታየኝ እንዳትወድቅ ፈራሁ።

ያ ነገር ነው ያሳሳታት።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ገና ከቅዳሴ መመለሷ ነበር፤ ነጠላዋ ረጥቧል። ቆማ አየችኝ። ጭቃው ላይ ተንበርክካ እግሬን ያዘች። ላነሳት ጎንበስ ስል ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

«መጣሽልኝ» አለች። «ይቅር ለእግዚአብሔር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

ከአፌ የወጣው እንዲሁ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር፣ ሽማግሌ ያልፈታው፣ የነፍስ አባቴ ያልፈቱት፣ በር ላይ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። እሷ ስታለቅስ የደስታዋ ነው። የእኔን እንባ ግን ምን ብዬ ልንገራት?

እየጎተተች ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ዛሬ በቅዳሴው ቆሜ የለመንኩት ስለ አንቺ ነበር፣ ሰማኝ አለች። ጾሙ ሲፈታ አብረን እንቆርባለን፣ አሁኑኑ ለነፍስ አባትሽ እደውልላቸዋለሁ አለች። ቆይ አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። ሽሮና ጎመን አቀረበች። አሁን ከነገርኳት ለቀናት እህል እንደማትቀምስ አውቃለሁ። ለቅሷችንን አውቃለሁ። እና ትንሽ ትቅመስ ብዬ አፌን ያዝኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከስተሻል» አለችኝ። «ከእኔ ጋር ስትጣዪ ከምግብም ተጣላሽ እንዴ?»

አጎረሰችኝ። እኔም አጎረስኳት። ስትበላ እያየኋት ተቀምጬ፣ አሁን ልንገራት፣ ይህችን ጉርሻ ትዋጥና ልንገራት እላለሁ። ዋጠች። ሌላ ጎረሰች። ሳቀች። በዚያን ሰዓት እናቴ ታወሰችኝ፤ እታለምም፣ ያን ቀን ጓዳዬ ውስጥ እጄን ይዛ እንደቆመች ታወሰችኝ።

«ወንድሜ ሲሰማ እንዴት ደስ ይለው መሰለሽ» አለች። «በደወለ ቁጥር፣ ታረቃችሁ ወይ ነው የሚለኝ።»

እጄ መሶቡ ላይ ቀረ። ውጭ የባለቤቴ መኪና ሲቆም ሰማሁ። እሷም ሰማችና ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ነው ስላት፣ ይግባ እንጂ፣ ምን ውጭ ያቆመዋል ብላ ልትነሣ ስትል እጇን ያዝኩ።

«እታለም፣ ተቀመጪ።»

አየችኝ። ያን ጊዜ ፊቴን አነበበችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ማን ነው?» አለች።

«ወንድምሽ።»

የጮኸችውን አልጽፈውም። ጎረቤት መጣ። እማማም ነገን መጠበቅ አልሆነላቸውም መሰለኝ፣ በዚያ ዝናብ ከለቡ ኮንትራት ታክሲ ይዘው ደረሱ። አልወደቀችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መድኃኒቷን ያዝኩላት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሣን።

ዓለም ገናን አልፈን፣ ከተማው ከኋላችን ሲቀር ለቅሶዋን አቆመች። ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ለዚህ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ባይሞት ትመጪ ነበር?»

ባለቤቴ መንገዱን ነው የሚያየው። እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። እኔም አልመለስኩላትም። በሩ ላይ የሰጠኋትን ይቅርታ ፈልጌ አጣሁት፤ ከመርዶው ጋር ተቀላቅሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለይልኝ አለ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ያን ቀን ጓዳ ድረስ የተከተልኩሽ ልነግርሽ ነበር፣ ስትስቂ ጊዜ አቃተኝ አለች።

«ዛሬ ገባኝ» አልኳት።

ቡታጅራ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ የወንድሟ አስከሬን ገና ቤት ነው። ደርሳለች። ስሙን እየጠራች፣ እንዳሳደገችው ልጅ ጉንጩን እየዳበሰች አለቀሰችው። ለዚህ ስላደረሳት አመሰገንኩ። እኔ ለእናቴ ያላደረግሁትን ሁሉ ስታደርግ ከኋላዋ ተቀምጬ አየሁ፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል፣ ውሃ አሙቄ በጣሳ ይዤ ወጣሁ። እታለም ከድንኳኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ዘረጋች፤ አፈሰስኩላት። ፊቷን ታጠበች።

«እታለም፣» አልኳት፣ «ትናንት ለጠየቅሽኝ፣ አልመጣም ነበር።»

ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። እጇን እንደገና ዘረጋችልኝ።

«ጨምሪልኝ» አለች።

ጨመርኩላት። ጣሳውን አስቀምጬ ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ አበስኩላት፤ የእሷን ነጠላ አዘቅዝቄ አለበስኳት። ከዚያ ክንዷን ይዤ ወደ ቀብሩ ወጣን።